ሆቴል ደስክን የተጫወተ አለ? ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚዞረው መርማሪ

የጉለሌው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኳስ ጌምና ስለ ተኩስ ጌም ብዙ ይወራል። ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ላውራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ በር እያንኳኳችሁ ሰው የምታነጋግሩበት ጌም ነው።

እኔ ጌም የለመድኩት ሰፈር ውስጥ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጨዋታ እየተከፈለ፣ የተሸነፈ እየተነሳ፣ ከኋላ የቆመው ከሚጫወተው በላይ እየጮኸ። በኋላ አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ልጇ የተወውን ኒንቴንዶ ዲኤስ አመጣችልኝ። ያችን ሁለት ስክሪን ያላትን፣ የምትታጠፈዋን። ውስጧ አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ «ሆቴል ደስክ፦ ሩም 215»። ምርጫ ስላልነበረኝ ጀመርኩት። ይኸው እስካሁን አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ።

ለማታውቁት፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነው። የሠራው ሲንግ የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው፣ ያወጣው ኒንቴንዶ። ጃፓን ውስጥ ስሙ «ዊሽ ሩም» ነው፣ የምኞት ክፍል እንደማለት። ዲኤሷን እንደ መጽሐፍ በቁሟ ገልጣችሁ ነው የምትይዟት። ስትራመዱ በአንዱ ስክሪን ኮሪደሩ ይታያል፣ በሌላው የፎቁ ፕላን። ሰው ስታነጋግሩ ደግሞ በአንዱ ገጽ እናንተ፣ በሌላው ገጽ እሱ፣ ፊት ለፊት ትፋጠጣላችሁ።

ጊዜው ዲሴምበር 28 ቀን 1979 ነው። ቦታው ኔቫዳ ውስጥ ያለ አንድ ያረጀ ሆቴል። ካይል ሃይድ ቀድሞ የኒው ዮርክ መርማሪ ፖሊስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የሥራ ጓደኛውን ብራያን ብራድሊን በሀድሰን ወንዝ ዳር በሽጉጥ መታው። ብራድሊ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ካይል ፖሊስነቱን ተወና እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሆነ። እግረ መንገዱን ለደንበኞች የጠፋ ነገር ያፈላልጋል። በልቡ ግን የሚፈልገው ብራድሊን ነው። ያን ቀን አለቃው ወደዚህ ሆቴል ይልከዋል። የሚደርሰው ክፍል 215 ነው፣ ያደረበትን ሰው ምኞት ይሞላል የሚባልለት። ከዚያ አንድ ነገር ይሰማል። ከስድስት ወር በፊት «ካይል ሃይድ» ብሎ የተመዘገበ ሰው እዚሁ ሆቴል አድሮ ሄዷል።

ሽጉጥ አትይዙም። የምትይዙት ጥያቄ ነው። ሰውየው ሲያወራ አንድ ቃል ያመልጠዋል፤ ያኔ የጥያቄ ምልክት ብቅ ይላል። ወዲያው ልትገፉበት ትችላላችሁ፣ አለበለዚያ ለሌላ ጊዜ ትይዙታላችሁ። ባለቤቱ ደኒንግ ቁጡ ነው። ጽዳቷንም ወጥ ቤቱንም የያዘችው ሮዛ ወሬ ትወዳለች። ደራሲው ማርቲን ሰመር ኩሩ ነው። ሁሉም የደበቁት ነገር አላቸው። አራት ጊዜ ተጫውቼ የገባኝ ግን እነዚህ ሰዎች የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው የኖሩ መሆናቸው ነው። ካይል ያወጣባቸዋል እንል ይሆናል። እኔ አውጥተው ሰጡት ነው የምለው።

የተጫወታችሁ ካላችሁ ጻፉ። መጨረሻውን የሚነካ ነገር ካለ በቅድሚያ «ስፖይለር» በሉ፣ እባካችሁ።

ሚሚ_ሲያትል

ኧረ ይሄን ጌም የሚያውቅ ሐበሻ አለ! በጣም ደስ ብሎኛል።

እውነቱን ልንገርህ ግን፣ እኔ ምዕራፍ 2 ላይ ተውኩት። በጣም ዘገየብኝ። አንዱ ክፍል ሄጄ አወራለሁ፣ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እዞራለሁ፣ ምን ላድርግ? ሻንጣውን በሽቦ ለመክፈት ብቻ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ። የመርማሪ ታሪክ ስል እኔ የማስበው ግድያ ነው፣ ተጠርጣሪ ነው፣ ሩጫ ነው። እዚህ ማን ሞተ? እንድቀጥል የሚያደርገኝ ነገር ካለ ንገረኝ፣ ካሴቱ አሁንም አለኝ።

የጉለሌው_ልጅ

ሚሚዬ፣ ምዕራፍ 2 ላይ የተወ ሰው ብዙ ነው። አልፈርድብሽም። ጠቅላላው 10 ምዕራፍ ነው፣ ሁሉም የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ግድም ይጀምርና ሲነጋ ያልቃል።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። በአንድ ቁጭታ ከአንድ ምዕራፍ በላይ አትሂጂ። ምዕራፉ ሲያልቅ ካይል ብቻውን ሆኖ ያየውን ይከልሳል፣ አንቺንም ይጠይቅሻል። እሱን መልሰሽ ዝጊው። በማግስቱ ስትከፍቺው ሰዎቹ ናፍቀውሽ ታገኛቸዋለሽ። እኔ እንደ ተከታታይ ድራማ ነው ያየሁት።

ማን ሞተ ላልሽው፣ ያን ሌሊት ማንም አይሞትም። የሞተው ድሮ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ድሮ ጋር የሚያያዝበት ክር አለው። ግድያ ቢኖር ኖሮ ገዳዩን ይዘን እንገላገል ነበር። እዚህ የምትይዢው ሰው የለም።

ናቲ_እርሳስ

እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ ወደዚህ ጌም የሳበኝ ሥዕሉ ነው። ታሪኩን የያዝኩት በኋላ ነው።

ሰዎቹ በእርሳስ የተነደፉ ይመስላሉ፣ ጥቁርና ነጭ። ከኋላቸው ያለው ክፍል ደግሞ ቀለም አለው። የፊታቸው መስመር አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዝም ብለው ሲቆሙ እንኳ ይንቀጠቀጣል። የተሠራው ሮቶስኮፕ በሚባለው መንገድ ነው። እውነተኛ ሰው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሲያደርግ ይቀረጻል፣ ከዚያ በፊልሙ ላይ አንድ በአንድ ይነደፋል። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ ማክስ ፍላይሸር በ1910ዎቹ ለካርቱን ሲል የፈጠረው ነው። ጌሙ ላይ ያመጣው ታይሱኬ ካናሳኪ ነው፣ የሆቴል ደስክ ዳይሬክተር። ታሪኩን የጻፈችው ደግሞ ሪካ ሱዙኪ ናት።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ጥያቄ ስትጠይቁ መልሱን ከጽሑፉ በፊት ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ሉዊስን አስታውሱ። ያ ሻንጣ ተሸካሚው ልጅ፣ ኒው ዮርክ እያለ ኪስ አውላቂ የነበረው። ካይልን ሲያይ አንገቱን የሚያክከው አስተካከኩ፣ ዓይኑን የሚያሸሽበት! ያን ሁሉ የሚያደርገው በጥቂት መስመር ነው። እኔ ለመለማመድ ብዬ ደብተሬ ላይ ሠላሳ ጊዜ ስዬዋለሁ።

ድምፅ የላቸውም። የሚነገረውን ሁሉ የምናነበው ነው። እኔ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፃቸው ይሰማኝ ጀመር። ደኒንግ ሻካራ ድምፅ አለው። እናንተስ?

ግራ_እጅ

ናቲ፣ ደኒንግ ሻካራ ነው፣ ትክክል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግራ እጄን ነው የምጠቀመው። ልጅ ሆኜ በግራ እጄ ስጽፍ በማስመሪያ ተመትቻለሁ። ይሄን ጌም ስትጀምሩ ቀኝ ናችሁ ወይስ ግራ ብሎ ይጠይቃችኋል። ግራ ካላችሁ መጽሐፉ በሌላ በኩል ይገለበጣል፣ የሚነካው ስክሪን በግራችሁ ይሆናል። ካይል ማስታወሻ ደብተር አለው፣ በእስክሪብቶዋ በራሳችሁ የእጅ ጽሑፍ የምትጽፉበት። እኔ ስሞቹን ሁሉ በአማርኛ ነው የጻፍኳቸው። ሄለን ፓርከር፣ ባለ አንድ ዓይኗ አሮጊት፤ ሚላ፣ የማትናገረው ልጅ፤ እንዲህ እያልኩ። በግራ እጅ፣ በፊደል፣ ደብተሩ ምንም አላለኝም።

ቶማስ_ዘድሬ

ሰዎች፣ ጌሙን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ጥፋቱንም እንናገር።

አንደኛ፣ አንዳንድ ቦታ ጌሙ ምን እንደሚጠብቅ አይነግራችሁም። የሚቀጥለው ነገር እንዲመጣ ከአንድ ሰው ጋር ማውራት አለባችሁ። ያ ሰው የት እንዳለ ካላወቃችሁ ሁሉንም በር ማንኳኳት ነው። እኔ አንድ ማታ ሙሉ ሁለት ፎቅ ስመላለስ አድሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ጥያቄ ከጠየቃችሁ ወይ ያልሆነ ነገር ከመለሳችሁ ሰውየው ይቆጣል፣ ደኒንግ ከሆቴሉ ያባርራችኋል፣ ጌሙም ያበቃል። አንዳንዱ ስህተት ወዲያው ነው የሚያስቀጣው። ሌላው ግን ቆይቶ ነው፤ ያኔ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ አታውቁም። ይሄ ጥሩ አሠራር ነው ብዬ አልቀበልም።

ሦስተኛ፣ ካይል ራሱ። ሰው እየጠየቀ ያለ ሰው እንዲህ ጎርናና ይሆናል?

የጉለሌው_ልጅ

ቶማስ፣ አንደኛው ላይ አልከራከርህም። ልክ ነህ። እኔም ኮሪደር ስጠብቅ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አዲስ የምትጀምሩ፣ ረጅም ንግግር ከመጀመራችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ።

ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ሌላ ጌም ላይ ስትሳሳት ትሞታለህ። እዚህ ስትሳሳት ትባረራለህ። አንድ ሰው ምስጢሩን ሊነግርህ አፉን ከፍቶ ሳለ አጉል ቃል ጣልክበት፤ ተዘጋ። ኑሮም እንዲያው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን እንዲህ በአንድ ቃል አስኮርፌው ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ያን ጊዜም የቱ ቃል እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም ነበር። ጌሙ ላይ ስባረር እሱ ትዝ አለኝ፣ ደወልኩለት።

ያኒቭ_ነታንያ

ስለ ካይል ጎርናናነት የእናቴን አስተያየት ላካፍላችሁ።

እናቴ ከጎንደር ነው የመጣችው። እንግሊዝኛም አታነብም፣ ዕብራይስጡም ይከብዳታል። እኔ ወታደር ሆኜ ለእረፍት ቤት ስመጣ ይሄን ጌም እጫወት ነበር። ማታ ማታ አጠገቤ ትቀመጣለች። «ምን አሉ?» ትለኛለች። እኔም ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግራታለሁ። በዚያ ምክንያት ነው አማርኛዬ የተሻሻለው።

ካይልን አልወደደችውም። «ይሄ ሰው እንደምን አመሻችሁ አይልም እንዴ?» አለችኝ። እውነት ነው። በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ቀጥታ ጥያቄ ይጀምራል። እናቴ ሰላምታ ያልሰጠ ሰው መልስ አይገባውም ባይ ናት። ደኒንግ ሲያባርረው «አበጀ!» አለች።

እየቆየ ግን ሐሳቧ ተለወጠ። ሜሊሳ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች፣ ከአባቷ ጋር የመጣች፣ እናቷ የጠፋችባት። ካይል ለሕፃን ማውራት አያውቅበትም። ቢሆንም ቁጭ ብሎ የሥዕል ፐዝሏን አብሯት ይገጣጥማል። እናቴ ያን ስታይ «አሁን ሰው ሆነ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ «ያ ልጅ ጓደኛውን አገኘው?» ትለኛለች። እኔ ወደ ጦር ሰፈር ስመለስ ታሪኩ ስለሚቋረጥባት በስልክ ትጠይቀኝ ነበር።

ሐዊ22

ያኒቭ፣ እናትህን ወደድኳቸው! ዕድሜ ይስጥልህ።

እኔ አሁን እዚያው ፐዝል ላይ ተጣብቄያለሁ። እርዱኝ። ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፣ ጀርባውን ማየት አለብኝ። እንዴት ነው የሚገለበጠው? ነካሁት፣ ጎተትኩት፣ ምንም። የምጫወተው በኒንቴንዶ 2ዲኤስ ነው፣ በዚያ በማይታጠፈው።

ናቲ_እርሳስ

ሐዊ፣ ይሄ የጌሙ ምርጥ እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱን ሳታነቢ አንድ ቀን ብታስቢበት እመርጣለሁ። ግን ማሽንሽ ስለሚያስቸግርሽ ልንገርሽ።

ዲኤሷ መጽሐፍ ነች ብለን የለ? ፐዝሉ አንዱ ገጽ ላይ ነው። መጽሐፉን ስትዘጊው ፐዝሉ በሌላው ገጽ ላይ ይገለበጣል። ሌሎቻችን ዲኤሷን አጥፈን ከፈትናት፣ ተገለበጠ። ያንቺ ግን አትታጠፍም። ከታች በስተቀኝ ማሽኑን የምታስተኛ ማንሸራተቻ አለች። እሷን አንሸራትተሽ መልሺያት። ማሽኑ እንደተዘጋ ነው የሚቆጥረው።

ሐዊ22

ሠራ!!! ተገለበጠ! አንድ ሳምንት ሙሉ ስቃጠልበት ነበር። ናቲ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የሌሊት_ተረኛ

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 67 ነው፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ጌም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ክር አስነበበችኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ሥራ ነው» ብላ ማሽኗን ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው። በ1980ዎቹ እዚሁ ኔቫዳ፣ በበረሃው መንገድ ዳር በአንድ ትንሽ ሞቴል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ቀን እማራለሁ፣ ሌሊት ካውንተር ላይ ነኝ። ስለዚህ ስለ ሆቴሉ ጥቂት ልበል።

ሰው ሲመጣ ካርድ እንሰጠዋለን። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የመኪናውን ታርጋ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ መታወቂያ አንጠይቅም ነበር። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው የጻፈው ስም ያው ስሙ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በካይል ስም አድሮ ሄደ ሲባል እናንተን ገርሟችሁ ይሆናል። እኔ ግን ምን ያህል ቀላል እንደነበር አውቃለሁ። «ጆን ስሚዝ» ብቻ ስንቱን አስተናግጃለሁ።

ቁልፉ እውነተኛ ቁልፍ ነበር፣ ቁጥር ያለበት ትልቅ ፕላስቲክ የተንጠለጠለበት። ፕላስቲኩ ላይ «በማንኛውም የፖስታ ሳጥን ይጣል» የሚል ተጽፎበታል። ረስቶ ይዞት የሄደ እንግዳ ካለበት ከተማ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል፣ በፖስታ ይመለስልናል። ከሁለት ወር በኋላ የተመለሰ ቁልፍ አይቻለሁ።

እና ያ ልጅ «የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው የኖሩ» ያለው ልክ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከክፍሉ ይወጣል። በረዶ ፈልጌ ነው ይላል። በረዶውን ወስዶ አይሄድም። ካውንተሩን ደገፍ ብሎ ይቆማል። «ከየት ነው የመጣኸው?» ይለኛል። ከኢትዮጵያ እለዋለሁ። ከዚያ እኔ አንድ ቃል እጠይቀዋለሁ፣ «እርስዎስ ወዴት ነዎት?» እለዋለሁ። ሰውየው አንድ ሰዓት ያወራል። ሚስቱ ጥላው እንደሄደች፣ ልጁን ካየ ስንት ዓመቱ እንደሆነ። ነገ ስለማያገኘኝ ነው። አንዳንዱ ሲሄድ እጄን ይጨብጠኛል፤ ስሙን ግን አያርምልኝም። ካርዱ ላይ ጆን ስሚዝ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ምዕራፍ 3 ላይ ነኝ። እስክሪብቶዋ ለእጄ ትንሽ ሆነችብኝ እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ሚሚ_ሲያትል

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እግዜር ያቆይልን። አንብቤ ጨርሼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አባቴም ሲያትል እንደመጣ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ ነበረው፤ ምን እንደሰማ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። በዚህ ሳምንት መጨረሻ እጠይቀዋለሁ።

ካሴቱንም ከመሳቢያ አውጥቻለሁ። ዛሬ ማታ ከምዕራፍ 1 እጀምራለሁ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ።

ወለተ_ገብርኤል

እኔ አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ። ዲሴምበር 28 ቀን 1979ን ወደ እኛ ዘመን መለስኩት። ታኅሣሥ 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ሆነ። የሚነጋው 19 ነው። የቁልቢ ገብርኤል!

አስቡት እስኪ። ካይል ምኞት ይሞላል በሚባል ክፍል ውስጥ ባደረበት ሌሊት፣ በእኛ አገር ስንቱ ስለት ይዞ ወደ ቁልቢ እየወጣ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሥዕል ደግሞ መልአክ ነው፤ በር የሚከፍት መልአክ። የጃፓንኛው ስምም «የመልአክ ትዝታ» የሚል ይዟል። ጃፓኖቹ ይሄን አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ለእኔ ግን ሁለተኛ ስጫወተው ሌላ ጌም ሆነብኝ። እናቴ እኔን የወለደችው በስለት ነው፣ ለገብርኤል ተስላ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሆን ብዬ አቆይቼ በዋዜማው ሌሊት ነው የጨረስኩት።

የጉለሌው_ልጅ

ወለተ፣ አራት ጊዜ ተጫውቼ ይሄን አላየሁትም! በዚህ ዓመት ዋዜማው ላይ አምስተኛውን እጀምራለሁ።

ቶማስ_ዘድሬ

ለዲሬ ልጅ ቁልቢ ጎረቤቱ ነው። እሺ፣ ረታችሁኝ፣ እኔም በዋዜማው እጀምራለሁ።

ጥያቄ አለኝ። ሁለተኛው ክፍል አለ ይባላል። የት ይገኛል?

ናቲ_እርሳስ

አለ። «ላስት ዊንዶው፦ ዘ ሲክሬት ኦፍ ኬፕ ዌስት» ይባላል። ጊዜው 1980 ነው፣ ሎስ አንጀለስ። ካይል የሚኖርበት አፓርታማ ሊፈርስ ነው፣ እሱም ከሥራው ተባሯል። ያ ሕንፃ ድሮ ሆቴል ነበር። የአባቱ ነገርም እዚያው ይነሳል። ከዚህ በላይ አልልም። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለው። ምዕራፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ያን ምዕራፍ እንደ ልብወለድ ተጽፎ ታነቡታላችሁ፣ እናንተ በተጫወታችሁት መልክ።

ታሪኩ ያሳዝናል። ጃፓን ውስጥ የወጣው በጃንዋሪ 2010 ነው። በማርች 1 ሲንግ መክሰሩን አመለከተ። ፉኩኦካ ውስጥ በ1999 የተመሠረተ ትንሽ ቤት ነበር። እንግሊዝኛው ቅጂ አውሮፓ የደረሰው በሴፕቴምበር ነው፣ የሠራው ቤት ከተዘጋ በኋላ። አሜሪካ ጭራሽ አልወጣም።

ስለዚህ የአውሮፓውን መፈለግ አለብህ። የዲኤስ ካሴት በአገር አይቆለፍም፣ የአውሮፓው በአሜሪካም በየትም ማሽን ይሠራል። በ3ዲኤስና በ2ዲኤስም ይሠራል። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ስለዚህ አስመሳዩ ብዙ ነው። እኔ አንዴ ከአንድ ሻጭ ገዝቼ የመጣልኝ አስመስሎ የተሠራ ነበር። ሴቭ አያደርግም። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል መልስ አጣሁ። ከመግዛትህ በፊት የፊትና የጀርባውን ፎቶ ጠይቅ፣ ካለህ እውነተኛ ካሴት ጋር አስተያየው። የተለጠፈው ወረቀት ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ተወው።

ግራ_እጅ

ናቲ፣ ሰዎቹስ የት ደረሱ?

ናቲ_እርሳስ

ከሲንግ ሰዎች አንዳንዶቹ ተሰባስበው በ2016 ለ3ዲኤስ «ቼዝ፦ ኮልድ ኬዝ ኢንቬስቲጌሽንስ» የሚባል አጭር የመርማሪ ጌም ሠርተዋል። በጣም አጭር ነው፣ አንድ ማታ አይፈጅም። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ «አናዘር ኮድ» የሚባሉት የሲንግ ሁለት ጌሞች እንደገና ተሠርተው ስዊች ለሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ወጡ። ካናሳኪም አለበት። እኔ የካይልንም ቀን እጠብቃለሁ። ስዊች ላይ እንደ መጽሐፍ አዙረው እንዴት እንደሚሠሩት ነው የማላውቀው። ማሽኑ የታሪኩ አካል ነበር እኮ።

የጉለሌው_ልጅ

የእኔ ዲኤስ የላይኛው ማጠፊያዋ ተሰንጥቋል። በፕላስተር ነው ያሰርኳት። ለሌላ ጌም አላወጣትም፣ ለእሱ ብቻ ነው የማስቀምጣት።

ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የት ደረሱ?

የሌሊት_ተረኛ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ምዕራፍ 6 ገብቻለሁ። ትናንት አንድ ጊዜ ተባርሬያለሁ፤ ለደኒንግ የማይሆን ነገር መለስኩለት። ሳስበው ልክ ነበር፣ እኔም ካውንተር ላይ ብሆን አባርረው ነበር።

የእህቴ ልጅ በካይል ስም የተመዘገበውን ሰው ማንነት ልትነግረኝ ስትል ከልክያታለሁ። እናንተም እንዳትነግሩኝ። እኔ ደብተሩ ላይ የጠረጠርኩትን ስም ጽፌያለሁ፣ በአማርኛ፣ እንደ ባለ ግራ እጁ ልጅ። ሲያልቅ ልክ መሆኔን መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።

ሚሚ፣ አባትሽን ጠየቅሽው?

ሚሚ_ሲያትል

ጠየቅኩት፣ ጋሼ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ጀመረ። ቤት ደርሰን መኪናው ቆሞ እንኳ አልወረድንም። ገና አልጨረሰልኝም።